የቤት አስቤዛን ከመከሩና ከጾሙ ጋር አስማምቶ የመግዛት ዝርዝር መመሪያ

ጤፍ በጥርና በየካቲት ረከስ እንደሚል፣ በነሐሴና በመስከረም እንደሚወደድ፣ ቅቤና እንቁላል በበዓል ዋዜማ እንደሚንሩ የማያውቅ የከተማ ቤተሰብ አይገኝም ማለት ይቻላል። ይህን እያወቅን ግን ብዙዎቻችን የምንገዛው በውዱ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ በየወሩ መጨረሻ እኩል እየተከፋፈለ ሲገባ ገበያው የሚረክሰው በዓመት ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ስለዚህ በወቅቱ መግዛት የሚፈልግ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደራጀው ገንዘቡን ነው፤ ጥሬ ገንዘቡ በጥር ወር እጅ ላይ ካልተገኘ የጥር ዋጋ ለዚያ ቤተሰብ የለም ማለት ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ በአዲስ አበባ ውስጥ በደመወዝ ወይም በአነስተኛ ንግድ የሚተዳደር ቤተሰብን በማሰብ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ አንባቢዎች ወራቱን ከአካባቢያቸው መከር ጋር እያስተያዩ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ ቤቱ በዓመት የሚፈጀውን ማወቅ

አንድ ደብተር ያዘጋጁና ለሦስት ወር ያህል ወደ ቤት የገባውን ሁሉ፣ ቀኑን፣ መጠኑንና ዋጋውን ይመዝግቡ። ከሦስቱ ወራት አንዱ የጾም ወር፣ አንዱ ደግሞ በዓል ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ በጾም ወቅት ሽሮው፣ ምስሩና ዘይቱ ስለሚያይል፣ በበዓል ወር ደግሞ ሽንኩርቱና ቅቤው ከልክ ስለሚያልፍ፣ የአንድ ተራ ወር ፍጆታ ብቻውን በ12 ቢባዛ የዓመቱን እውነተኛ ፍላጎት አያሳይም። ቀሪውን ወር በግምት መሙላት ይቻላል። በዚህ ደረጃ የሚፈለገው ለጤፍ፣ ለበርበሬ፣ ለሽሮ እህል፣ ለቅቤ፣ ለዘይት፣ ለቡናና ለከሰል የሚሆን ቁጥር ነው። የአስቤዛው ትልቁ ወጪ በእነዚህ ላይ ስለሚያርፍ ጥቃቅኑን መመዝገብ አስፈላጊ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የቤቱን የገበያ ዘመን መቁጠሪያ መሥራት

የኢትዮጵያን የቤት አስቤዛ ዋጋ የሚያወጡትና የሚያወርዱት ሦስት ነገሮች ተደራርበው ነው። የመጀመሪያው መከር ነው። በመኸር ወቅት የሚመረተው እህል አብዛኛው ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል፤ ተወቅቶ ወደ ገበያ በብዛት የሚወጣው ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ሲሆን፣ ገበሬውም ዕዳውን ለመክፈልና ለቤቱ ወጪ ገንዘብ ስለሚሻ በዚህ ጊዜ ለመሸጥ ይቸኩላል። ከሰኔ በኋላ የገበሬው ጎተራ ስለሚጎድልና መንገዱም በዝናብ ስለሚበላሽ ዋጋው እስከ ጥቅምት ድረስ ወደ ላይ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጾምና በዓል ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል። እነዚህ ቀናቸው አይለወጥም። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ሆኖ ፋሲካን ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ በየዓመቱ ከባሕረ ሐሳቡ ማየት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. የካቲት 9 ሲገባ፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ሲውል፣ በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ጾሙ የካቲት 29 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። የ20 ቀን ልዩነት ማለት ባለፈው ዓመት እንቁላል የረከሰበት ሳምንት በሚቀጥለው ዓመት የቅበላ ሰሞን ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ረመዳንም በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ ይመጣል። ሁላችንም የምንገበያየው በአንድ ገበያ ስለሆነ ክርስቲያኑ ቤተሰብ የረመዳንንና የአረፋን፣ ሙስሊሙም የዐቢይ ጾምንና የፋሲካን ጊዜ በመቁጠሪያው ላይ ማስፈር ይጠቅመዋል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደገቡት ያለ ዓመት ሲያጋጥም ደግሞ የጾም ገበያ የተለመደውን መልክ እንደሚይዝ አድርጎ ማሰብ አይገባም።

ሦስተኛው የወሩ ቀን ነው። ደመወዝ በሚወጣባቸው ቀናት የሰፈር ሱቁም ገበያውም ይጨናነቃል፤ ተረጋግቶ ዋጋ ለመጠየቅ፣ ሚዛን ለማየትና ለመደራደር የወሩ አጋማሽ ይሻላል። ቅናሹ በወቅት ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቢሆንም ምንም መዋዕለ ንዋይ ስለማይጠይቅ ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ የመጀመሪያው መነሻ ይህ ነው።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላይ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ባሉት ወራት ሥር አስፍረው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡ ከመከሩ ጋር እንዲደርስ ማድረግ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው የዓመቱን ሙሉ እህል በአንድ ጊዜ ልግዛ ብሎ ሲነሣና የገንዘቡ ብዛት ተስፋ ሲያስቆርጠው ነው። ነገር ግን የዓመቱን ሙሉ መግዛት አያስፈልግም። ከጥር እስከ ግንቦት የሚበላው ጤፍ በተለመደው መንገድ በየወሩ ቢገዛም ብዙ ጉዳት የለውም፤ በርካሹ ጊዜ ተገዝቶ መቀመጥ ያለበት ከሰኔ እስከ ኅዳር ባሉት ውድ ወራት የሚበላው ብቻ ነው። ይህም የሚያስፈልገውን ገንዘብ በግማሽ ይቀንሰዋል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ስለሆኑ አንባቢው በዕለቱ ዋጋ ይተካቸው። አንድ ቤተሰብ በሁለት ወር አንድ ኩንታል ጤፍ ይፈጃል እንበል። ከሰኔ እስከ ኅዳር 3 ኩንታል ያስፈልገዋል። ኩንታሉ በጥር 12,000 ብር ቢሆንና በክረምቱ በአማካይ 14,500 ብር ቢደርስ፣ ልዩነቱ በ3 ኩንታል 7,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለማጓጓዣ 300 ብር፣ ለጥሩ ከረጢት 450 ብር እንቀንስ። 36,000 ብሩ በባንክ ቢቀመጥ ኖሮ ደግሞ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢያስገኝ በ7 ወር 1,470 ብር ይሆናል፤ እሱንም እንቀንስ። የቀረው 5,280 ብር የቤተሰቡ እውነተኛ ቁጠባ ነው።

ያው 36,000 ብር ግን በወር 5 በመቶ ወለድ ከአራጣ አበዳሪ ቢገኝ በ7 ወር 12,600 ብር ወለድ ይከፈልበታል፤ ይህም ከ7,500 ብሩ ጥቅም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለአስቤዛ ተብሎ በከፍተኛ ወለድ መበደር ፈጽሞ አይመከርም፤ በብድር ከመግዛት በውዱ ጊዜም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ መግዛት ይሻላል።

ገንዘቡን ያለ ብድር ለማድረስ ከሁሉም የሚመቸው እቁብ ነው። ከላይ ላለው ምሳሌ በወር 3,000 ብር የሚጣልበት 12 ሰው ያለው እቁብ በትክክል 36,000 ብር ይሰጣል። እቁቡ በየካቲት ከተጀመረ የመጨረሻው ዕጣ ጥር ላይ ይወድቃል። በእቁብ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚሻው ቀድሞ መውሰድን ስለሆነ የመጨረሻውን ዕጣ የሚፈልግ ሰው ተፎካካሪ የለበትም፤ ገና ሲጀመር ለሰብሳቢው ወይም ለዳኛው ነግሮ ጥርን ማስያዝ፣ ቀድሞ ከደረሰም ተቀያይሮ ማሳለፍ ይቻላል። ነገር ግን መጨረሻ የሚወስድ ሰው ለሌሎቹ እንዳበደረ ስለሚቆጠር ቀድመው የወሰዱት ሁሉ ዋስ ማቅረባቸውን ማረጋገጥ አለበት፤ በደንብ በሚታወቁ የመሥሪያ ቤት ወይም የሰፈር ሰዎች መካከል ካልሆነ ይህን መንገድ አልመክርም። የብር የመግዛት አቅም እየቀነሰ በሚሄድበት አገር ገንዘብን ዓመት ሙሉ መጠበቅ ጉዳት እንዳለውም አልክድም፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር እናስታውሳለን። ሆኖም በእቁብ ያልተያዘ 3,000 ብር በየወሩ በአንዳች ነገር ላይ እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቀዋለንና፣ ከሚባክን ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር እቁቡ ይሻላል።

እቁብ የማይመቸው ሰው ለአስቤዛ ብቻ የሚሆን የተለየ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ፣ ደመወዝ በገባ ዕለት ቁርጥ ያለውን መጠን ሊያዛውር ይችላል። ወለድ የማይወስዱ ቤተሰቦችም ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። ሦስተኛው መንገድ ከጎረቤት ጋር መግዛት ነው፤ አንድ ኩንታል መግዛት የማይችሉ ሁለት ቤተሰቦች ገንዘባቸውን አዋጥተው ኩንታሉን ቢካፈሉ፣ በኪሎ ሲገዙ ይከፍሉት የነበረውን የቸርቻሪ ትርፍ ያስቀራሉ።

ደረጃ 4፦ ዕቃ በዕቃ መግዛት

ጤፍ። ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። የጤፍ ትልቁ በጎነት ፍሬው በጣም ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ የማያጠቃው መሆኑ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ከእርጥበት ተጠብቆ ከተቀመጠ ከዓመት በላይ ሳይበላሽ ይቆያል። ልምድ ያላቸው እናቶች አዲስ ጤፍ ውኃ አያነሣም ይላሉ፤ ማለትም ተቦክቶ የሚሰጠው እንጀራ ከከረመው ያንሳል። ስለዚህ በጥር ተገዝቶ በሰኔ የሚፈጭ ጤፍ በዋጋውም በበረከቱም ይጠቅማል። ሲገዙ እጅዎን ወደ ከረጢቱ መካከል ዘልቀው ይዝገኑ፤ ከላይ የሚታየው ነጭ፣ ከሥር ያለው ሌላ ሊሆን ይችላልና። እህሉን በመዳፍዎ ላይ እፍ ብለው አፈርና አሸዋ መኖሩን ይዩ፣ ጥቂቱን በጥርስዎ ይሞክሩት፣ ያሽቱት። የሻገተ ሽታ ያለው ወይም እጅ ላይ የሚጣበቅ እርጥብ እህል በማንኛውም ዋጋ አይገዛም፤ ውኃውን በእህል ዋጋ መክፈል ከመሆኑም በላይ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ማኛ ካልሆነ የማይል ቤተሰብ ማኛና ሠርገኛ ቀላቅሎ ቢጠቀም ከወቅቱ ልዩነት የማይተናነስ ቁጠባ ያገኛል፤ ይህ ግን የጣዕም ጉዳይ ስለሆነ ለቤቱ እተወዋለሁ። እህል በረንዳ ሄዶ መግዛት ዋጋውን ለማወዳደር ይረዳል፤ ከአድዓ ወይም ከሚንጃር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ በአንድ ጭነት ቢያስመጣ የማጓጓዣው ወጪ ይቀልለታል። የሚፈጨው የአንድ ወር ያህል ብቻ ይሁን፤ እህል እንጂ ዱቄት ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም።

በርበሬ። ዛላው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ ከማረቆ፣ ከሃላባና ከምዕራብ ጎጃም የሚመጣው ወደ አዲስ አበባ ገበያ በብዛት የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መቸኮል ግን ስሕተት ነው፤ በኅዳር መጀመሪያ የሚመጣው ዛላ ገና ስላልደረቀ ከባድ ነው፣ ኪሎው የረከሰ ቢመስልም ሲደርቅ ይቀላል። ዛላውን አንሥተው ሲነቀንቁት ፍሬው ውስጥ ከተንኳኳ ደርቋል፤ ከታጠፈና ካልተሰበረ ገና ነው። ጥቁር ነጥብ ወይም ነጭ ሻጋታ ያለበትን ዛላ አይቀላቅሉ፤ በርበሬ ላይ የሚወጣ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊፈጥር ስለሚችል፣ ቢቆላም ቢፈጭም አይጠፋም።

በርበሬን በዚህ ወቅት መግዛት የሚጠቅምበት ሌላው ምክንያት ፀሐዩ ነው። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተደልዞ፣ እንደገና ደርቆ፣ ከኮረሪማው፣ ከጥቁር አዝሙዱና ከነጭ አዝሙዱ ጋር ወደ ወፍጮ ቤት እስኪሄድ ድረስ ተከታታይ ደረቅ ቀናት ይፈልጋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሰማይ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በክረምት ለማዘጋጀት የተነሣ ቤተሰብ ደግሞ ድካሙም ዕቃውም ሊበላሽበት ይችላል። በዝናብ የሚበቅለው ነጭ ሽንኩርትም የሚነቀለው በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ ለድልዙ የሚሆነውን ነጭ ሽንኩርት በዚያው ሰሞን መያዝ ነው። የተፈጨ በርበሬ ከገበያ መግዛት ባዕድ ነገር ለተቀላቀለበት ዱቄት ስለሚያጋልጥ፣ በርበሬን በዛላው መግዛት ከቁጠባም በላይ የጤና ጉዳይ ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገር ላሉ ልጆችና ወንድሞች በርበሬና ሽሮ የሚላክ ከሆነ፣ የላኪው ቤተሰብ መጠኑን አስቀድሞ ጠይቆ ከራሱ ጋር አብሮ ቢያዘጋጅ አንድ ድካም ለሁለት ቤት ይበቃል። በሐምሌ «ሰው ስለሚመጣ በርበሬ ላኩልኝ» የሚል ስልክ ሲመጣ በውዱ ገበያ ከመሮጥም ያድናል።

የሽሮና የወጥ እህል። ባቄላና አተር በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባሉ። ሽምብራ በክረምቱ መጨረሻ በጥቁር አፈር በቀረው እርጥበት ስለሚዘራ ዘግይቶ፣ በጥርና በየካቲት ይደርሳል። ይሁንና ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የሽሮ ፈላጊ ስለሚበዛ ዘግይቶ መሄድ ጥቅሙን ያሳጣል፤ ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት መጨረስ ይበጃል። እነዚህ እህሎች እንደ ጤፍ አይደሉም፤ ነቀዝ ይገባባቸዋል። ስለዚህ እንደተገዙ ተለቅመው፣ ታምሰው፣ ተከክተው ቢቀመጡ በጥሬ ከሚቆዩት ይልቅ ዕድሜ ያገኛሉ።

ቅቤ። ለጋ ቅቤ የሚበዛው ሣር ባለበት ጊዜ ነው፤ ፈላጊው የሚቀንሰው ደግሞ በጾም ነው። እነዚህ ሁለቱ የሚገጣጠሙት በነቢያት ጾም መጀመሪያ ላይ፣ ከኅዳር 15 በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው፤ የክረምቱ ሣር ገና አላለቀም፣ የገና ገበያም ገና አልሞቀም። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ቢቀንስም ጊዜው ደረቅ ስለሆነ ወተቱ ያንሳል፤ ነጋዴውም ለፋሲካ ያከማቻል፤ ስለዚህ ከጾሙ አጋማሽ አይለፍ። እንደተገዛ ወዲያው አንጥሮ፣ ውኃው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አብስሎ፣ አጥሎ በደረቅ ዕቃ መክደን ነው። በደንብ የነጠረ ቅቤ ያለ ማቀዝቀዣ ብዙ ወራት ይቆያል፤ ለጋው ግን ቶሎ ይሸታል። ሾላም ሆነ መርካቶ ቅቤ ተራ ሲገዙ ከመካከሉ አስወጥተው ይቅመሱ።

ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም። ከመቂ፣ ከባቱና ከፎገራ በመስኖ የሚመጣው ምርት በበጋ ይበዛል፤ በክረምት ዝናቡ ማሳውን ስለሚያበላሽ ከሐምሌ በኋላ ይወደዳል፣ እንቁጣጣሽም እዚያው ላይ ይደርሳል። ሽንኩርት እንደ እህል ለወራት አይከማችም፤ ቆዳው የደረቀውን፣ አንገቱ የቀጠነውንና ያልለሰለሰውን መርጦ በወንፊት ቅርጫት ወይም በመረብ ከረጢት አየር ባለበት ቦታ ቢሰቀል ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይቆያል። ስለዚህ ለመስከረም 1 የሚሆነውን በነሐሴ መጀመሪያ መግዛት ይቻላል፤ ለዓመት አይቻልም።

እንቁላል፣ ዶሮና በግ። በእንቁላል ላይ የጾም ጊዜ ቅናሹ ለማይጾሙ ሕፃናትና ሕሙማን ላሉበት ቤት ትልቅ እፎይታ ነው። በግ ግን ግቢ ለሌለው ቤተሰብ ቀድሞ መግዛት አያዋጣም፤ መኖውና ጥበቃው ልዩነቱን ይበላዋል። ግቢ ያለው ከበዓሉ ሦስት ሳምንት በፊት ቢገዛ ይጠቀማል። የቅርጫ ማኅበር ያላቸው ደግሞ በሬው የሚገዛበትን ገንዘብ ጾሙ ሳይጋመስ አሰባስበው ቢጨርሱ ለመምረጥ ጊዜ ያገኛሉ።

ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሚለቀም፣ ከጥር በኋላ ጥሬውን ገዝቶ በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። ማር ከአደይ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። ከሰል ክረምት ሳይገባ በሚያዝያና በግንቦት ይገዛ፤ በሐምሌ የሚመጣው ከመወደዱም በላይ እርጥብ ስለሚሆን ክብደቱ ውኃ ነው።

ደረጃ 5፦ የገዙትን ማቆየት

በርካሽ ተገዝቶ የተበላሸ እህል ከውድ እህል ይበልጥ ውድ ነው። ከረጢቱን በቀጥታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ እርጥበት ስለሚያስገባ፣ ከሥር ጣውላ ወይም ርብራብ ያድርጉ፤ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ያርቁት። ነቀዝ ለሚያጠቃቸው እንደ በቆሎ፣ ባቄላና ሽምብራ ላሉት ፒክስ የሚባለው ባለሦስት ድርብ ከረጢት ጥሩ መፍትሔ ነው። ሁለት የውስጥ ፕላስቲክና አንድ የውጭ ማዳበሪያ ከረጢት ያለው ሲሆን፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ እያንዳንዱ ለየብቻው ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። እህሉ ፈጽሞ ደረቅ መሆን አለበት፤ በየሳምንቱም እየተከፈተ መዘገን የለበትም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። በአንዳንድ ገበያዎች ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠው አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን በቤት ውስጥ ፈጽሞ ጥቅም ላይ መዋል የለበትም። ክኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ወይም በጎኑ ባለ ዕቃ ቤት የተቀመጠ እንደሆነ ቤተሰብ ሊፈጅ ይችላል። ለጤፍ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ለሌላውም ከረጢቱና ማመሱ ይበቃሉ።

ደረጃ 6፦ ከምግብ ውጭ ያሉትን ማቀድ

ለትምህርት ቤት የሚሆን ደብተር፣ ቦርሳና ጫማ ዋጋቸው የሚጨምረው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ትምህርት በሰኔ እንደተዘጋ፣ በሐምሌ መርካቶ ሄዶ ደብተሩን በደርዘን መግዛት፣ ከተረፈም ከጎረቤት ጋር መካፈል ይቻላል። ጫማ ግን ልጁ እስከ መስከረም ስለሚያድግ በመጨረሻ ቢገዛ ይሻላል።

የሐበሻ ቀሚስ ላይ ያለውን ልዩነት የሚያውቁ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል እንደሚነግረን በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ ሁሉም ሰው ወደ ሽሮ ሜዳ ይወርዳል፤ ጥምቀት ካለፈም እስከ ዐቢይ ጾም፣ ከፋሲካ በኋላም በሚያዝያና በግንቦት ሠርግ ይበዛል። በሐምሌ ግን ሸማኔውም ሰፊውም ሥራ ይቀንስባቸዋል፤ በዚያን ጊዜ የሚያዝ ሰው በዋጋም በጥራትም፣ በቀጠሮ መከበርም ይጠቀማል። ጃንጥላና የዝናብ ጫማ በተቃራኒው በበጋ ይገዛሉ። የጣሪያና የውኃ መውረጃ ጥገናም ከየካቲት በፊት ቢያልቅ ሠራተኛ በቀላሉ ይገኛል፤ በሰኔ ጣሪያው ያፈሰሰበት ሁሉ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ይፈልጋል።

ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፣ የልብስ ማጠቢያና የመሳሰሉት የውጭ ዕቃዎች በአገራችን እውነተኛ ወቅት የላቸውም፤ ዋጋቸውን የሚወስነው የውጭ ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል። ስለዚህ የሚያስፈልግ ዕቃ ሆኖ ገንዘቡ ካለ ወቅት መጠበቅ አይገባም። በበዓል ባዛር ላይ «ቅናሽ» ተብሎ የሚለጠፈው ዋጋ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ያንኑ ዕቃ ከአንድ ወር በፊት በሁለትና በሦስት ሱቅ ጠይቆ ደብተር ላይ ማስፈር ግድ ነው። ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ግን ሰኔና ሐምሌ ይሻላሉ፤ በከተማው የሚሠሩ ብዙ የውጭ ዜጎች የልጆቻቸው ትምህርት ሲዘጋ ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ የቤት ዕቃቸውን በዚያን ጊዜ ይሸጣሉ።

ደረጃ 7፦ ወቅቱ ሲዛባ መለየት

መቁጠሪያው የሚሠራው ገበሬው ሳይታወክ ሲያመርትና መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። በአጨዳ ጊዜ ያለ ወቅቱ ዝናብ ከጣለ፣ ወይም እህል በሚመጣበት አካባቢ ባለ የጸጥታ ችግር መንገድ ከተዘጋ፣ ጥርም ውድ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት በታኅሣሥ ሁለት ጊዜ፣ በጥር መጀመሪያ ደግሞ አንድ ጊዜ ዋጋ ይጠይቁ። ዋጋው እየወረደ ከሆነ ይጠብቁ፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ሳይወርድ ቆሞ ከቀረ ወይም ከጨመረ የሚያስፈልግዎትን ግማሽ ወዲያው ገዝተው ግማሹን ለየካቲት ያቆዩ። ሁሉንም ገንዘብ በአንድ ቀን ዋጋ ላይ ማዋል አይገባም። ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅና ከእሁድ ገበያ የሚገኘውን ዋጋም ያወዳድሩ፤ አምራች ማኅበራት በቀጥታ በሚያቀርቡበት ሳምንት ከነጋዴው የረከሰ ሆኖ ይገኛል።

ይህን መመሪያ የሚጀምሩበት ወር የመጀመሪያውን ግዢ ይወስነዋል። በመስከረም የጀመረ ሰው ኅዳር 15ን አይቶ ለቅቤው፣ ታኅሣሥን አይቶ ለበርበሬው ያጠራቅም። በጥር የጀመረና ገንዘብ የሌለው ሰው አንድ ኩንታል ጤፍ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ይግዛ፤ በየካቲትም እቁቡን ይመሥርት። በሚያዝያ የጀመረ በከሰል፣ በሐምሌ የጀመረ በደብተሩና በቀሚሱ ይነሣ፤ ከእነዚህ ከሚተርፈው ላይም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ በተለየው ሒሳብ የአንድ ኩንታል ዋጋ ያድርስ።